ባዶ መሬት የት አለ? ስለ ሰፋሪ ቅኝ አገዛዝና ስለ አገራችን ርስት

በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ የታሪክ ነገር እንድጽፍ በተጠየቅሁ ጊዜ፣ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብለን ስንጨዋወት ደጋግሞ የሚነሣውን አንድ ነገር መረጥሁ። ይኸውም «ጣሊያን በአምስት ዓመት ይህን ሁሉ መንገድና ድልድይ ከሠራ፣ ሃምሳ ዓመት ቢቆይ የት በደረስን ነበር» የሚለው ነው። ይህን የሚለው ሰው ክፉ አስቦ አይደለም፤ መንገድ ስለ ናፈቀው ነው። ነገር ግን መንገዱ የተሠራው ለማን ነበር? በመንገዱስ ማን ሊመጣ፣ መጥቶስ የት ሊቀመጥ ነበር? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር።

ገዥና ሰፋሪ

ሊቃውንቱ ቅኝ አገዛዝን በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው የሰውን ጉልበት የሚፈልግ ነው። ገዥው ጥቂት ሹማምንትና ወታደር ይልካል፣ ግብር ይቀበላል፣ ጥጡንና ቡናውን ጭኖ ይወስዳል። ባለአገሩ ከሌለ ማን ያርሳል፣ ማንስ ይገብራል? ስለዚህ ቢበድለውም ይፈልገዋል። እንግሊዝ ሕንድን የገዛው በዚህ ዓይነት ነበር። ሁለተኛው ግን የሚፈልገው መሬቱን ነው። ከነሚስቱ፣ ከነልጁ፣ ከነማረሻው ይመጣል፤ የመጣውም ሊኖር ነው እንጂ ሊመለስ አይደለም። ለእንዲህ ያለው ሰው ባለአገሩ ከመንገድ ሊነሣ የሚገባው እንቅፋት ነው። የሰፋሪ ቅኝ አገዛዝ የሚባለው ይኸኛው ነው።

ፓትሪክ ዎልፍ የተባለ አውስትራሊያዊ የታሪክ ሊቅ ስለዚህ ነገር ብዙ ጽፏል። የርሱ አሳብ ባጭሩ ሲነገር፣ የሰፋሪ አገዛዝ እንደ ጦርነት መጥቶ የሚያልፍ ነገር አይደለም፤ እንደ ቤት ምሰሶ ተተክሎ የሚቀር ነው። ጠመንጃው ዝም ካለ በኋላም የመሬቱ ሕግ፣ ካርታው፣ ፍርድ ቤቱና የቦታው ስም ሥራቸውን ይሠራሉ። ማህሙድ ማምዳኒ የተባሉት የኡጋንዳ ምሁር ደግሞ ሌላ ነገር ጨምረዋል። እንደርሳቸው አነጋገር ተራ ስደተኛ ከሰፋሪ ይለያል፤ ስደተኛው ወደ ተሠራ ሥርዓት ይገባል፣ ሰፋሪው ግን የራሱን ሥርዓት ተሸክሞ ይመጣል።

ይህን ነገር በዕድራችን ብንመስለው ይቀለናል። አንድ ሰው ወደ ሠፈራችን ገብቶ ልመዝገብ ብሎ ቢያመለክት፣ መግቢያውን ከፍሎ፣ ወርሃዊ መዋጮውን እየሰጠ፣ በመተዳደሪያ ደንባችን ቢተዳደር፣ ያ ሰው ጎረቤት ነው። ከየት መጣህ ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ የሞተበት ዕለት ድንኳኑ ይተከልለታል። ሌላው ደግሞ መጥቶ መዝገባችንን ቀድዶ ቢጥል፣ ራሱን ዳኛ አድርጎ ቢሾም፣ ድንኳኑንና ወንበሩን የራሱ አድርጎ እኛን «እናንተ እንግዶች ናችሁ» ቢለን፣ እሱ ሰፋሪ ገዥ ነው። ሁለቱም ከሌላ አገር የመጡ ናቸው፤ ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው። ይህን ልዩነት እስከ ጽሑፉ መጨረሻ እንድትይዙልኝ እለምናለሁ።

«ባዶ ነው» የሚለው ቃል

ዕድሜዬን በጽሕፈት ቤት በወረቀት መካከል ስላሳለፍሁ፣ በወረቀት ላይ የሰፈረ አንድ ቃል ምን ያህል ክብደት እንዳለው አውቃለሁ። በሰፋሪ አገዛዝ ታሪክ ውስጥ ከመድፍ የበለጠ የሠራ አንድ ቃል አለ፤ እሱም «ባዶ መሬት» የሚለው ነው።

እንግሊዞች አውስትራሊያ ላይ መስፈር የጀመሩት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1788 ነው። የአገሩ ተወላጆች በዚያ ምድር ከአሥር ሺዎች ዓመታት በላይ ኖረውበታል። ነገር ግን አጥር ስላላጠሩ፣ በፈረንጅ ወግ ስላላረሱ፣ መሬቱ ባለቤት እንደሌለው ተቆጠረ። ኤዲ ማቦ የተባለ የሜር ደሴት ተወላጅ ከወገኖቹ ጋር ከሶ፣ የአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያ አቆጣጠር ስሕተት እንደ ነበረ የፈረደው በ1992 ነው። ልብ በሉ፤ አንድ የውሸት ቃል ከወረቀት ላይ እስኪፋቅ 204 ዓመት ፈጀ። ማቦ ራሱም ፍርዱን ሳይሰማ ከጥቂት ወራት በፊት ሞተ።

ከጎረቤታችን ከኬንያም እንዲሁ ሆኗል። የእንግሊዝ መንግሥት ደጋውን ለነጭ ገበሬዎች ሲያድል፣ እንዲያርፍ የተተወውን እርሻና ከብት የሚግጥበትን መስክ እንደ ባዶ ቆጠረው። ብዙ የኪኩዩ ገበሬ የአባቱ በነበረ መሬት ላይ ለነጭ ጌታ ጉልበቱን እየሰጠ ተቀመጠ። በ1952 የተነሣው የማው ማው አመፅ ከዚህ የመጣ ነው። አልጄሪያ ደግሞ ከ1830 እስከ 1962 በፈረንሣይ እጅ ቆይታ፣ ነፃ በወጣችበት ዓመት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ አውሮፓዊ ሰፋሪ ነበረባት፤ አብዛኛውም በዚያው ዓመት ጥሎ ሄደ።

አንድ የእኛ አገር ገበሬ እርሻውን ሁለት ሦስት ዓመት ቢያሳርፈው፣ ባለቤት የለውም ማለት ነው እንዴ? የመስክ ሣር ከብት ስለሚግጠው ባዶ ነው እንዴ? ገበሬ ሁሉ መልሱን ያውቃል። የሚያጣራ ሹም ግን ወረቀቱን እንጂ ገበሬውን አይጠይቅም።

ጣሊያን ያሰበልን

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። የጣሊያን የሰፈራ አሳብ በ1928 ዓ.ም. የተወለደ አይደለም። በ1880ዎቹ ዓመታት ኤርትራን በያዘ ጊዜ፣ ፍራንኬቲ የተባለ ባሮን የጣሊያንን ድሃ ገበሬ በደጋው ላይ እንዲያሰፍር ኃላፊነት ተሰጠው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ400 ሺህ ሄክታር በላይ መሬት የመንግሥት ነው ተባለ፤ ይህም በጋሻ ቢሰላ ወደ 10 ሺህ ጋሻ ገደማ ይሆናል። የሰፈሩት የጣሊያን ቤተሰቦች ግን እጅግ ጥቂት ነበሩ። በታኅሣሥ ወር 1887 ዓ.ም. ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ በአካለ ጉዛይ ከሰገነይቲ ተነሥተው ጣሊያንን ተዋጉ፤ በዚያው ወር በሐላይ ወደቁ። የመሬቱ መወሰድ ለአመፁ ዋና ምክንያት እንደ ነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማሙበታል። ከአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ሆነ። የእኛው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ከነሠራዊታቸው በዚያ ነበሩ። ከአድዋ በኋላ የፍራንኬቲ ዕቅድ ተተወ።

አርባ ዓመት ቆይቶ ሙሶሊኒ ያንኑ አሳብ አስፍቶ ይዞት መጣ። ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባ በኋላ አገሪቱን ከኤርትራና ከሶማሊያ ጋር በአምስት ግዛት ከፈላት፤ ጎጃም መቀመጫው ጎንደር በሆነው በአማራ ግዛት ሥር ተመደበ። በ1930 ዓ.ም. ደግሞ ሰፋሪ የሚያመጡ ድርጅቶች ተቋቋሙ። አንደኛው «የኢትዮጵያ ሮማኛ» ተብሎ ወገራ ተሰጠው። ሁለተኛው «የኢትዮጵያ ፑልያ» ተብሎ ጨርጨር ላይ ተመደበ። ሦስተኛው «የኢትዮጵያ ቬኔቶ» ተብሎ ወደ ጅማ ሆነ። ከዚህም ሌላ የጣሊያን የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር በሆለታና በቢሾፍቱ እርሻ ያዘ። ሮማኛ፣ ፑልያና ቬኔቶ የጣሊያን አውራጃዎች ስም ነው፤ ሮማኛ ሙሶሊኒ ራሱ የተወለደበት ነው። እንግዲህ ሰፋሪ አስቀድሞ ስሙን ይተክላል ማለት ይህ ነው። ወገራ ገና ገበሬዎቿ እያረሷት ሳለች በወረቀት ላይ የሌላ አገር ቁራጭ ሆና ነበር።

የሰውም ነገር እንዲሁ በሕግ ተለየ። በ1929 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር የወጣው የጣሊያን ሕግ፣ ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ አምስት ዓመት እሥራት ይፈረድበታል አለ። በአዲስ አበባም ገበያው ከአራዳ ተነሥቶ «ለአገሬው» ተብሎ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው ያ ነው። ካዛንቺስ የሚለው ስም ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ከሚሠራው ድርጅት ስም የመጣ ነው። ሰፋሪው ሄዶ ስሙ መቅረቱ ከዚህ ይታያል።

እንግዲህ «መንገዱ ለማን ነበር» ላልነው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። በመጀመሪያ ለጦሩ፣ ቀጥሎ ለሰፋሪው። በዚያው ዘመን ሊቢያን ብናይ፣ በ1931 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ብቻ 20 ሺህ የጣሊያን ገበሬ ባንድ ጊዜ በመርከብ ተጭኖ ሊቢያ ወርዷል። ሃምሳ ዓመት ቢቆዩልን ኖሮ መንገዱ ይኖር ነበር፤ በመንገዱ ዳር ያለው እርሻ ግን የማን ይሆን ነበር?

የጎጃም መልስ

ዶክተር ኃይለ ማርያም ላሬቦ ስለ ጣሊያን የመሬት ፖሊሲ ሰፊ ጥናት አድርገው፣ ዕቅዱ ለምን እንደ ከሸፈ አስረድተዋል። ባለሥልጣኖቹ እርስ በርሳቸው አልተስማሙም፣ ወጪው ከበደ፣ ለሰፋሪው የሚሰጥ ነፃ መሬት እንደ ታሰበው አልተገኘም፣ ከሁሉም በላይ ግን ባለአገሩ እምቢ አለ። ጣሊያንን ይቀልባል የተባለው አገር፣ ለጣሊያኖቹ ራሳቸው የሚበቃ ስንዴ እንኳ ሳይሰጥ ቀረ፤ ዱቄት ከውጭ ይገባ ነበር።

በጎጃም አመፁ የተቀጣጠለው በ1930 ዓ.ም. ነው። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ ልጅ ኃይሉ በለው፣ በብቸና በኩል በላይ ዘለቀ፣ ሌሎችም ስማቸው ያልተጻፈ ብዙዎች ተነሡ። ጣሊያን መሣሪያ ለመንጠቅ የመጣበት ጊዜ ነበር። ለጎጃም ገበሬ መሣሪያህን አስረክብ ማለትና ርስትህን አስረክብ ማለት አንድ ነገር ነው፤ በሚስትና በርስት ቀልድ የለምና። ከዚያ በኋላ ጣሊያን በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬ፣ በዳንግላና በመሳሰሉት ምሽጎች ተወስኖ፣ ገጠሩ ባመዛኙ በአርበኞች እጅ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ሁሉም አርበኛ አልነበረም፤ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ ትልቅ ሰው ሳይቀሩ ለጣሊያን አድረው ነበር። ሆኖም ሰፋሪ ገበሬ በጎጃም ደጋ ላይ ሞፈር ሳይተክል፣ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

የገመድ ፍርሃት

«እንግዲያው ሰፋሪው ካልተሳካለት ምን ጠባሳ ተወ?» የሚል ይኖራል። ይህን ለመመለስ ርስት ምን እንደ ነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ አጥንቶ፣ በ1973 እንደ ፈረንጆቹ አንድ መጽሐፍ አሳትሟል። እዚያ እንደ ተጻፈው፣ ርስት በአባትም በእናትም ከመጀመሪያው ባለይዞታ፣ ከአቅኚ አባት፣ በመወለድ የሚጠየቅ መብት ነው። የአንድ ሰው መሬት ሊሰፋም ሊጠብም ይችላል፤ የመጠየቅ መብቱ ግን ከትውልዱ ጋር ይኖራል። በመዝገብ ሳይሆን በሰው አፍ፣ በቆጠራ፣ በሽማግሌ የሚኖር ሕግ ነበር። ነውርም ነበረበት። ሙግቱ ማለቂያ አልነበረውም፤ ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ትውልዱን መቁጠር የማይችለውን ሁሉ ከመሬት ያርቅ ነበር። ግን ባለርስቱ የራሴ ነው ይለዋል።

ስለዚህ ከድል በኋላ የገዛ መንግሥታችን በ1937 ዓ.ም. ግብርን በጋሻ፣ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ብሎ ሲወስን፣ ጎጃም አላስለካም አለ። ጎጃም፣ በጌምድርና ትግሬ በቀድሞው ልማድ እየገበሩ ቆዩ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ደግሞ ዱሩ ሁሉ ተነሣ። በሞጣ፣ በብቸና፣ በዳሞት ገበሬው ሸፈተ፤ ጦር ዘመተበት፣ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለበት። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ግብሩም ሳይጸና ቀረ። ይህን አመፅ ያጠኑት ገብሩ ታረቀ እንደሚያስረዱት፣ ገበሬውን ያስቆጣው የብሩ መጠን ብቻ አልነበረም፤ ዛሬ የሚለካ ነገ ይነጠቃል የሚል ፍርሃት ነበረበት።

ይህ ፍርሃት ከጣሊያን ብቻ የመጣ አይደለም። በምኒልክ ዘመን በደቡብ አገር ቃላድ የሚባል የመለኪያ ገመድ ተጥሎ፣ መሬቱ ከተለካ በኋላ ብዙው ባለአገር ጭሰኛ ሆኖ መቅረቱ በጎጃምም ይሰማ ነበር። ስለዚህ ዘመን ሊቃውንቱ ዛሬም አልተስማሙም። አንዳንዱ አገር ማቅናትና አገር መመሥረት ነው ይላል፤ ሌላው የብሔር ጭቆና ነው ይላል፤ ሌላውም ቅኝ አገዛዝ ነው ይለዋል። እኔ ይህን ክርክር ልፈርድ አልችልም። ነገር ግን ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ መሬቱ ተለክቶ በገዛ አባቱ ቦታ ጭሰኛ የሆነው ሰው ምን እንደ ተሰማው፣ ጎጃሜ ሊገባው ይገባል። እኛ ገመዱን ገና ከሩቅ አይተን ዱር ከገባን፣ ገመዱ የወደቀበትማ ምን ይበል!

መተከል

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስን። በኅዳር 1977 ዓ.ም. ታላቁ ረሃብ በነበረ ጊዜ የደርግ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ሰዎችን ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ማዛወር ጀመረ፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ወደ 600 ሺህ ሰው ተነሣ። ከዚህ ውስጥ 80 ሺህ የሚደርሰው ያን ጊዜ የጎጃም ክፍለ አገር አውራጃ በነበረው በመተከል፣ በበለስ ሸለቆ፣ በፓዊ ሰፈረ። ከምባታና ሐድያም መጥተዋል። ብዙዎቹ ወደው አልመጡም፤ በወባና በበሽታም ብዙ ሰው አለቀ። ቀጥሎም በጣሊያን መንግሥት ገንዘብ፣ በጣሊያን ኩባንያ፣ ጣና በለስ የሚባለው ሥራ ተጀመረ።

ይህ ከፋሺስቱ ጋር አንድ አይደለም። የመጣው ሰው ረሃብ ያባረረው፣ መንግሥት ጭኖ ያመጣው ድሃ ነው እንጂ ገዥ አልነበረም። ቢሆንም አንድ ነገር ያው ነበር፤ ሸለቆው «ባዶ ነው» ተባለ። በዚያ ግን ጉሙዝ ነበር። ጉሙዝ መሬቱን ጥቂት ዓመት ቆፍሮ ለብዙ ዓመት ያሳርፋል፤ ከጫካው ማር ይቆርጣል፣ ያድናል፣ ከወንዙ ዓሣ ያወጣል። ዶዘር ሲገባ ጫካው ተመነጠረ፣ ያረፈው መሬት ታረሰ፣ ጉሙዝም ወደ ዳር ተገፋ። ገብሬ ይንቲሶና ወልደ ሥላሴ አቡቴ የተባሉ ምሁራን እዚያ ድረስ ሄደው ይህን አጥንተው ጽፈውታል።

ከዚያም በፊት ሌላ ቁስል አለ። እስከ ጣሊያን መምጫ ድረስ ከደጋ የወረደ ባሪያ ፈንጋይ ጉሙዝን እያደነ ይሸጠው ነበር። ይህ በታሪክ ጸሐፊዎች በሚገባ የተመሰከረ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኛ ስለ ጣሊያን የማንረሳውን ያህል፣ እነሱም ስለ ደገኛ የማይረሱት አለ።

በ1995 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሕገ መንግሥት በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን የክልሉ ባለቤት ብሎ ሲሰይም፣ ሌላው በዚያ የተወለደ ሁሉ ነዋሪ ሆነ። ያለፈ በደልን ለመካስ የታሰበ ሊሆን ይችላል። ማምዳኒ የሚያስጠነቅቁት ግን እዚህ ላይ ነው፤ ቅኝ ገዥው ሰውን ባለአገርና መጤ ብሎ በሕግ ከከፈለ በኋላ፣ ገዥው ሄዶ ክፍፍሉ ከቀረ፣ ትናንት የተበደለው ነገ በዳይ ሊሆን ይችላል። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ በአንድ ቀን ከመቶ በላይ ሰው ተገደለ። ሕፃናት ሳይቀሩ ነው ያለቁት። በዚያ ሰሞን ከመተከል የሸሸው ሕዝብ በቻግኒ መጠለያ ፈሰሰ። ለዚህ ግድያ ምንም ዓይነት ታሪክ ምክንያት አይሆነውም። በሦስት ዓመቱ ልጅ ላይ የአያቱ ዘመን ሒሳብ አይወራረድም።

ምን እናድርግ

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የማገኘው አንድ ነገር ነው፤ ባዶ መሬት የሚባል የለም። የወገራው፣ የአውስትራሊያው፣ የኬንያው፣ የበለሱም ባዶ አልነበረም። ወደ ሌላው አገር ስንሄድ የነበረውን ሰው ጠይቀን እንግባ፤ ወደ እኛ የመጣውን ደግሞ ሰፋሪ ገዥና ችግር ያመጣው ጎረቤት መሆኑን ለይተን እንወቅ። «መጤ» የሚለው ቃል ይህን ልዩነት ያጠፋዋልና ከአፋችን ብናወጣው መልካም ነው።

ይህም በቃል ብቻ እንዳይቀር አንድ አሳብ አለኝ። ከመተከልም ሆነ ከሌላ ቦታ ተፈናቅለው በሠፈራችን ቤት ተከራይተው የተቀመጡ ሰዎች አሉ። ከነዚህም ዕድር የሌላቸው አሉ። መግቢያው በድንኳኑ፣ በወንበሩና በድስቱ ዋጋ ተሰልቶ ከፍ ስላለ፣ ባንድ ጊዜ ለመክፈል አይችሉም። ስለዚህ መግቢያቸውን በሁለት ዓመት ውስጥ ከወርሃዊ መዋጮው ጋር ጥቂት በጥቂት እንዲከፍሉ፣ ቀብራቸው ግን ከተመዘገቡበት ቀን ጀምሮ እንዲሸፈን፣ በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ እንድትመክሩበት በትሕትና አቀርባለሁ። ደንባችን ይህን አይከለክልም፤ ሦስተኛ ሰው ጨምሬ አንብቤዋለሁ።

ያለፉትን አባሎቻችንን ነፍስ ይማር። የቀረነውን ፈጣሪ በሰላም ያቆየን።